ፊደል የቆጠረ ሰው ለምን ወደ እኔ ይመጣል?

በደንቡ ቢሆን የእኔ ሥራ እስካሁን ተረስቶ መቅረት ነበረበት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ባለጉዳይ ከማይጠፋበት የፍርድ ቤት መንገድ ዳር፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን የያዘች ጠባብ ክፍል አለችኝ። በሯ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ቅጽ እንሞላለን፣ ኮፒ እናነሣለን» ይላል። «እን» ማለቱ ለማሳመሪያ ነው እንጂ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሙያውንም ቦታውንም የወረስኩት ከአጎቴ ነው። እሱ በአንድ የጽሕፈት መኪናና በካርቦን ወረቀት፣ በበጋ በጃንጥላ ጥላ፣ በክረምት የሰው በረንዳ ተጠግቶ እየሠራ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ወዳጆቹ «እንግዲህ የእንጀራ ገመድህ ተበጠሰ፤ ገበሬው ሁሉ አቤቱታውን ራሱ ሊጽፍ ነው» እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር ደጋግሞ ያጫውተኝ ነበር። ቀልዱ ከንቱ አልነበረም። ዘመቻው በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 የሸለመው ትልቅ ሥራ ነው። እናቴ ከሉማሜ ወዲያ ባለ ገጠር፣ ልጅ አዝላ ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመቻ ነው። ምስክር ወረቀቷን ዛሬም ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር ሰንዱቅ ውስጥ አኑራዋለች፤ ከልጆቿ ዲፕሎማ የሚያንስ አይመስላትም።

አጎቴ ግን ሥራ አላጣም። ሰው ስሙን መጻፍ ቻለ፤ የክሱን ምክንያት ከብሶቱ ለይቶ፣ ቀኑንና ወሰኑን አስተካክሎ፣ የሚፈልገውን ዳኝነት በሁለት መስመር መቋጨት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እናቴም ብትሆን ስሟን ትፈርማለች እንጂ አቤቱታ ጻፊ ብትባል ወንድሟን ነበር የምትጠራው።

እኔን የሚደንቁኝ የዛሬዎቹ ደንበኞቼ ናቸው። ከአጎቴ ፊት ይቆም የነበረው በአብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። እኔ ዘንድ ወረፋ የሚይዙት ደግሞ ዲግሪ ያላቸው ናቸው። ለሥራ ማስታወቂያ የሚመዘገብ፣ ፋይዳውን ከባንክ ሒሳቡ ጋር ማገናኘት ያቃተው፣ የልጁን የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚያይለት ሰው የሚፈልግ ምሩቅ ሁሉ «እባክህ ሙላልኝ» ይላል። አፍሮ የሚጠይቅ እንኳ የለም። ማንበብ አለመቻል ያሳፍራል፤ ቅጽ ማስሞላት ግን ማንንም አያሳፍርም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ያውም የእንግሊዝኛ መምህር፣ በዲቪ ሰሞን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቅጹ ላይ ያለውን ቃል ሁሉ ከእኔ አሳምሮ ያነባል፤ የእኔንም አነባበብ ሁለቴ አርሞኛል። ችግሩ ከቃሉ ላይ አልነበረም። ፎቶው አራቱም ጎኑ እኩል፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል መሆን አለበት። ቅጹ ተከፍቶ በ60 ደቂቃ ውስጥ ካልተላከ የተሞላው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። እኛ በራስ ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ቅጹ ደግሞ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባቱ ይግባ የአያቱ? ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከፓስፖርቱ በአንዲት ሆሄ ቢለይ ሌላ ጣጣ ነው። በዚያ ላይ የአምናውን ዕጣ ሊያይ ፈልጎ የማረጋገጫ ቁጥሩ ጠፍቶበታል። ቁጥሩን ለማስመለስ ሲመዘገብ የተሰጠው ኢሜይል ይጠየቃል፤ ኢሜይሉ የእሱ አልነበረም፤ የሞላለት የኔ ቢጤ ጸሐፊ በራሱ ኢሜይል ነው ያስመዘገበው። ያ ጸሐፊ አሁን የት እንዳለ ማን ይወቅ!

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ፍቺ መሠረት፣ ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ነገር እየገባው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ፊደል የለየ ነው። በዚያ መለኪያ መምህሩም እናቴም ያልፋሉ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አንባቢው እስኪደርስበት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስክሪን ላይ ያለው ግን መልሶ ይጠይቃል፤ ይቸኩላል፤ በመሀል ይዘጋል፤ «መጀመሪያ ማን እንደሆንክ አሳየኝ» ይላል። መምህሩን ያቃተው ይህ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ክፍል ውስጥ አላስተማሩትም። እኔም ብሆን ተምሬው አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለምውል ነው።

ይህን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ጎጃም ውስጥ «የተማረ» የሚባለው ሰው ድሮም ቢሆን አንድ ዓይነት አልነበረም። የአብነት ትምህርት ቤት ማንበብንና መጻፍን አንድ ላይ አይሰጥም። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ብዕር ላይጨብጥ ይችላል። መጻፍ የቁም ጸሐፊ ሙያ ነው፤ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ መቅረጽ አለበት። ዳዊቱን አንጥሮ የሚያነበው ልጅ ግዕዙን የሚረዳው ደግሞ ኋላ፣ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ድምፁ አንድ ቦታ፣ ምሥጢሩ ሌላ ቦታ፣ እጅ ጽሑፉ ሦስተኛ ቦታ። የሁሉ በላይ የሆነው ቅኔ ራሱ፣ በጎጃሞቹ ቅኔ ቤቶች በዲማ ጊዮርጊስም በዋሸራም፣ በቃል የሚቆጠርና በቃል ለመምህሩ የሚነገር ነው። ተማሪው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ መወድሱን ስምንት ቤት አድርጎ በልቡ ሲያበጅ ወረቀትም እርሳስም አይዝም። እንዲህ ያለውን ሊቅ ማን ነው መሃይም የሚለው? ማንበብና መጻፍን እንደ አንድ ነገር አድርገን ማየት የጀመርነው አስኳላ ከመጣ ወዲህ ነው፤ ስልክ ደግሞ አሁን መልሶ እየበታተነው ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝን ነገር ያየሁት በፋሲካ ሰሞን ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ልጃቸውና አንድ ከብት ገዢ ሆነው ተከታትለው ገቡ። ልጁ ኮሌጅ የጨረሰ ነው። በሬው ውጭ፣ ከስልክ እንጨቱ ጋር ታስሯል። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ገንዘቡ መላኩን የሚያሳይ ገጽ አሳየን፤ የባንኩ ዓርማ አለ፤ የአባትዬው ስም አለ፤ የብሩ መጠን እስከ ሳንቲሙ አለ። ልጁ አነበበውና «አባዬ፣ ገብቷል» አለ። አዛውንቱ ግን ከጋቢያቸው ሥር ቁልፍ ያላትን ትንሽ ስልካቸውን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ።

«ልጄ፣ የእሱን ስልክ ሳይሆን የእኔን አንብብልኝ» አሉ።

አየሁላቸው። የደረሰ ነገር የለም። «አባቴ፣ እስካሁን አልገባም» አልኳቸው።

ገዢው «ኔትወርክ ነው፤ ይገባል» አለ።

«እንግዲያስ በሬውም ኔትወርኩ እስኪመጣ እኔው ጋ ይቆይ።»

ልጁ ተሳቀቀ፤ ገዢው አኮረፈ። ሰውዬው በሬ ጠባቂ ሆነው በሩ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልካቸው ጮኸች። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ሰጡኝ፤ አነበብኩላቸው፤ ብሩ ሙሉ ነው። ገዢው እውነተኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ ይቅርታም አላሉ፣ አላፈሩምም። «ምርቃቱን ልጨምርልህ» ብለው መርቀውት ገመዱን አስረከቡት።

በየገበያው የሐሰት ደረሰኝ በስልክ እያሳዩ ዕቃ የሚወስዱ መኖራቸውን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ምስል እንዴት እንደሚቀነባበር ግን ለእኒያ አዛውንት የነገራቸው የለም። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፍ ማለት ማን ጻፈው፣ በማን እጅ ነው ያለው የሚለው ነው። ውል በባላጋራ እጅ ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚያመጣ በመሬት ክርክር ያዩ ትውልድ ናቸው። ልጃቸው ፊደሉን አነበበ፤ እሳቸው ፊደሉን ሳያውቁ ማስረጃውን መዘኑ። ከሁለቱ የትኛው ነው አንባቢው ብትሉኝ፣ እኔ የማደላው ለአባትዬው ነው።

እናቴም ከዚህ ወገን ነች። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ኮከብ 127 መሰላል ብላ ገብታ፣ ቀጥሎ የትኛውን፣ ከዚያ የትኛውን ቁጥር እንደምትጫን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። ዝርዝሩን ማንበብ ትችላለች፤ አታነበውም። አንድ ጊዜ የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል ተቀያይሮ ሲጠብቃት ደውላ የተቆጣችው እኔን ነው፣ ድርጅቱ የእኔ ይመስል። ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው 8028 ደግሞ ከዚህም ቀድሞ ነገሩን ተረድቶት ነበር፤ ገበሬው ደውሎ ቁጥር እየተጫነ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በድምፅ ይሰማል እንጂ ማንበብ አይጠበቅበትም።

አሁን ደግሞ ፊደሉን ራሱን ላንሣ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ባለበት ቤት በየቀኑ የሚያጣላን እሱ ነው። ሥራ ስጀምር የአማርኛ ጽሑፍ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ተበላሽቶ ይደርስ ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የግዕዝ ፊደላትን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሱ መንገድ ደርድሯቸው ስለነበር፣ ያ ፎንት ያልተጫነበት ማሽን የሚያሳየው የምልክት ቡትቶ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጥቶታል፤ ያ ለውጥ እስከ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። የቆየ ውል በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ዛሬም አይጠፋም፤ እያለ የማይነበብ ውል!

ያ ሲቃለል ሌላ መጣ። አንድ የሕግ ባለሙያ ደንበኛዬ ከዓመታት በፊት ያስጻፈውን አቤቱታ ፈልግልኝ አለኝ። የከሳሹ ስም ኃይለ ሚካኤል ነው። «ሀይለ» ብዬ ብፈልግ የለም፤ «ሃይለ» ብል የለም፤ «ሐይለ» ብል የለም። ለካ ያን ጊዜ ያስጻፈው በትክክል፣ በብዙኃኑ ኀ ኖሮ! እሱም እኔም በትምህርት ቤት «ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በፈለጋችሁት ጻፉ» ተብለን ነው ያደግነው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም። ለእሱ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰም አይተዋወቁም። በዚህ ጉዳይ አቋሙ ከየኔታ አቋም አንድ ነው፤ አርጩሜው ብቻ ነው የቀረው።

ለማኅበራቸው ጽሑፍ የሚያስጽፉ አንድ መሪጌታ ይህን ስነግራቸው ከወንበራቸው ላይ እየተወዛወዙ ሳቁ። እሳቸው «ሠ» እና «ሰ» በተደባለቁ ቁጥር አስቁመው ያስተካክሉኛል፤ የሚያስጽፉት ሰነድ በፈለግሁ ቀን በአንድ ጊዜ ይገኛል። ወጣት ደንበኞቼ ያስጻፉትን ለማግኘት ስንት ዓይነት አጻጻፍ እሞክራለሁ። ነገሩ ከፍ ሲል ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአንድ ሰው ስም በልደት ካርዱ በአንድ ሆሄ፣ በባንክ ደብተሩ በሌላ ሆሄ፣ በመታወቂያው በሦስተኛ ሆሄ ሲገኝ፣ ድሮ ጸሐፊው «አንድ ሰው ነው» ብሎ በዓይኑ ያልፈው ነበር። ዛሬ ማሽኑ «አልተገኘም» ይላል። ሰውዬው ቆሞ እያየው፣ የለም ይባላል። ስም ለማስተካከል የምጽፈው ማመልከቻ ከውርስ አቤቱታ ይበልጥ የበዛው ለዚህ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሁሉም ነገር ስክሪን ላይ መግባቱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ያየነው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ነው። ቅጹ አለ፣ ቀነ ገደቡ አለ፣ መስመሩ የለም። ደንበኞቼ ስማቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውንና የትምህርት ማስረጃ ቁጥራቸውን በደብተር ቅጠል ጽፈው፣ ፎቶ አያይዘው፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ ይሰጡ ነበር። ዘመዱ እዚያ ሌላ ጸሐፊ ፈልጎ ያስሞላል። የዲግሪ ምሩቅ ወረቀቱን ለመንገደኛ አደራ ሲል ሳይ አጎቴ ቢኖር ምን ይል ይሆን እያልኩ ነበር።

አጎቴን ካነሣሁ፣ እሱ የማያልፈው አንድ ሥርዓት ነበረው። አቤቱታውን ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ ለባለቤቱ ያነብለታል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ካላለ አውራ ጣቱን ቀለም አያስነካውም። «ተነቦልኝ ተረድቼው ፈርሜያለሁ» የሚለው ቃል ለእሱ ባዶ ልማድ አልነበረም። የጣት አሻራ በዚያ ዘመን የመሃይምነት ምልክት ነበር፤ እናቴ መፈረም ስትችል የኮራችው ከዚያ ቀለም ስለወጣች ነው። ዛሬ ፋይዳ ለማውጣት ፕሮፌሰሩም ገበሬውም እኩል አሥሩን ጣታቸውን፣ የዓይናቸውንም ብሌን ሳይቀር ይሰጣሉ። እናቴ ጣቷን ስትሰጥ «እኔ እኮ መፈረም እችላለሁ» ማለቷን ብዙ ሰው በሳቅ አሳለፈው፤ እኔ ግን እውነቷን ነው እላለሁ።

ከአሻራው የባሰው ግን «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ናት። ቅጽ ሁሉ ከሥሩ ይህችን ይዞ ይመጣል። ከላይዋ ረጅም፣ አብዛኛውን ጊዜም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል አለ። መምህሩ አላነበበውም። የሕግ ባለሙያው አላነበበውም። እኔም አላነብም፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው ስም እየተስማማሁ እውላለሁ። አውራ ጣት እንኳ ተነቦ ነበር የሚታተመው።

የሚከብደኝ የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። ኢሜይል የከፈትኩለት ሰው ሁሉ «አንተው ያዝልኝ» ይላል። ለምን ብትሉ፣ እሱ ይረሳዋል፤ እኔ ሱቁ አለሁ። በፊት ጸሐፊ የሚይዘው የባለጉዳዩን ምሥጢር ነበር፤ ያንን ደግሞ በአፍ ብቻ ነው የሚያባክነው። የይለፍ ቃሉን የያዘ ጸሐፊ ግን ሰውየውን ሆኖ መጻፍ ይችላል። መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው የይለፍ ቃል ደብተር በቀለበት ወረቀት ተጠርዞ፣ በፊደል ተራ ተደርድሮ፣ የግማሽ ከተማ ቁልፍ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ልጄ የቤት ሥራ ሊሠራበት ከመሳቢያው ሲያወጣው ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

ደብተሩን አቃጥዬ አዲስ ደንብ አወጣሁ። ቅጹን እኔ እሞላለሁ፤ የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ ሲደርስ ኪቦርዱን ለባለቤቱ እገፋለታለሁና ፊቴን ወደ ማተሚያው አዞራለሁ። ያንኑ ቃል ቤቱ ሄዶ፣ እሱ በሚያውቀው ቦታ፣ በራሱ እጅ በወረቀት እንዲጽፈው እነግረዋለሁ። አንዳንዱ «አታምነኝም ወይ?» ይላል፤ ነገሩ ተገልብጦ። ዲግሪ ያለው በአንድ ጣት ፊደል ሲያድን አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እናቶች ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ይፈጥናሉ፤ ቁጥር ብቻ ስለሚመርጡ ይሆናል፤ ቁጥር ብቻውን ደካማ ነው ብላቸውም አይሰሙኝም። ዋጋ አልጨመርኩም። ከኋላ የቆሙት ግን «ወረፋው በዚህ ዓይነት መቼ ሊያልቅ ነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።